ከኋላችን ድስት የምትሰብረው ብርቄ

ብርቄ መሞቷን የነገረኝ አንድ አሞሌ ጫኝ ነው። ደብረ ብርሃን ከቤቴ ደጃፍ አህዮቹን አቁሞ ውሃ ለመነኝ። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ «ከአንኮበር በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ የነበረችው ሸክላ ሠሪ ሞተች አሉ» አለኝ። ቅሉን መለሰልኝና ምራቁን ወደ ጎን ተፋ። «እንኳን ሞተች። ቡዳ ነው ተብሎ የሚታማ ሞልቷል፤ እሷ ግን በገዛ አፏ ያመነች ናት። ኬላው በር ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በላሁት ብላለች።»

«አንተ ሰምተሃል?»

«አባቴ ሰምቷል።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አልኩትና ቅሉን ይዤ ገባሁ። አንድ ቃል ቢጨምር ጥርሱን አራግፍለት ነበር።

ስለ እሷ ደግ የሚጽፍ ሰው አይገኝም። የሚጽፉት ሰዎች የሚጽፉት ስለ ጌታና ስለ ጻድቅ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሽበት ካወጣ በኋላ ነው፤ ጋቢ የሠራሁለት አንድ ደብተራ ነው ያስቆጠረኝ። ስለዚህ እንደማወራው እጽፋለሁ። ያልጣመው ይተወው።

ያደግሁት አልዩ አምባ ነው። አባቴ አርጎባ ነው፣ ሸማኔ፤ የአባቴም አባት እንደዚያው። በቤት አርጎብኛ፣ በገበያ አማርኛ እንናገር ነበር፤ ይህም ለማናችንም ከብዶን አያውቅም። የከበደን ነጋሪት የተጎሰመ ቀን ነው። ከብቱ ሁሉ ካለቀበት ከክፉው ቀን ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እስላም ሁሉ ክርስትና ይነሣ ተባለ። ወንዝ ዳር አሰልፈው አጠመቁን፣ አንገታችን ላይ ሰማያዊ ክር አሰሩልን፣ ስም ሰጡን። ሰይድ ሆኜ ገብቼ ወልደ ሚካኤል ሆኜ ወጣሁ። ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር። ከዚያ በላይ የተሰማኝ ነገር የለም።

ሽማግሌዎቹ ቤታቸው ሲገቡ ክሩን በቢላዋ ቆረጡት። ከመንደር የማይወጡ ሰዎች ናቸው፣ ምን ቸገራቸው። ሸማውን ተሸክመን ቅዳሜ ቅዳሜ አንኮበር ገበያ የምንወጣው እኛ ጎረምሶቹ ነን። ኬላው ላይ ያለ ማተብ የተገኘ ይያዛል። ተይዞ ስለሚሆነው ነገር እያንዳንዱ የሚያወራው ለየቅል ነበር፤ ግን ሁሉም ያስፈራል። ታች ደግሞ አባቴ፣ «ያንን ገመድ አስረህ ከገበታዬ እጅህን አትሰድም» ብሎኛል። አባቴ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ከኬላው ጠባቂ ይልቅ እሱን የምፈራበት ቀን ነበር። ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የምዳብሰው አንገቴን ነው፤ ክሩ አለ ወይስ የለም? የት ነው ያለሁት፣ ላይ ወይስ ታች?

የብርቄ ቤት ከሁለቱ መካከል ነበር። መንገዱ ከሚታጠፍበት ከዳገቱ ወገብ ላይ ብቻዋን የቆመች ጎጆ ናት። ብርቄ ጠይብ ናት፣ ሸክላ ትሠራለች። ክርስቲያኑ ቡዳ ናት ብሎ ቤቷ አይገባም፤ እስላሙም ቡዳ ናት ብሎ አይገባም። በሌላ በምንም የማይስማሙት ሰዎች በዚህ ተስማምተዋል። ድስቷን ግን ይገዛሉ። መሬት ላይ አስቀምጣላቸው ፈንጠር ስትል መጥተው ያነሡታል እንጂ ከእጇ አይቀበሏትም።

መጀመሪያ የወሰደኝ የአጎቴ ልጅ ኡስማን ነው። በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፤ ረጅም፣ ኩሩ፣ ሲሄድ መሬቱ የሱ የሚመስለው ሰው ነበር።

«እዚያ ቤት?» አልኩት፤ እግሬ ቆመ።

«ሰው የማይገባበት ቤት ይሻላል። እዚያ ማን ብሎ ይፈልገናል?»

ብርቄ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆኖ ወጣች። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

«ቀና በል» አለችኝ።

አላልኩም።

«ተወው» አለችው ኡስማንን። «ይህን ቀጫጫ ብበላው ጥርሴ መሐል ይቀራል እንጂ ሆዴ አይደርስም።»

ኡስማን ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሆዴን መቁረጥ ስለጀመረኝ አሁን በላችኝ ብዬ ነበር።

አንገቱ የተሰበረ ማሰሮ ነበራት። የመንደራችን ጎረምሶች ሲወርዱ ማተባቸውን እዚያ ውስጥ ይተዋሉ፣ ሲወጡ ከዚያ ወስደው ያስራሉ። የኔን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። «አዲስ ማተብ የሌባ ልብስ ነው። ክርስቲያን ክሩን እያወለቀ አያስቀምጥም። አብሮት ያልበዋል፣ ቅቤ ይጠጣል፣ ይሸታል። የናንተ ሙሽራ ይመስላል።» ከምድጃዋ ጥላሸት አነሣች፤ በቅቤ ለወሰችና ክሬን በመዳፏ አሸችው። ስታስርልኝ አንገቴ ከረፋ።

ያ ቀን ለቅዳሜ ገበያ አርብ ማታ የወጣንበት ነበር፤ ሊመሽ ሲል ምድጃዋን አጠፋች። ቅዳሜ ምድጃዋ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ቅዳሜ እሳት አትለኩስም፣ ጭቃ አታቦካም፣ ከደጇ አትርቅም፤ ለምን ቢሏት «ቅዳሜ ቅዳሜ ወገቤን ያመኛል» ትላለች። ማተቧ ከሁላችንም ያደፈ ነበር። ቢሆንም ከእናቷ የወረሰችው፣ ከእኛ ምስጢር የቆየ፣ የምትደብቀው የኦሪት ሰንበት ነበራት። ይህ የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው። ያኔ የወገብ ሕመም ነው ብዬ አዝንላት ነበር።

ከጎጆዋ ግድግዳ ስር እሳት ላይ የተሰነጠቁ ድስቶች ተከምረዋል። የማይሸጥ ሸክላ ምን ያደርግላታል ብዬ አስብ ነበር። አንድ ቀን ውሃ ልጠጣ ጎንበስ ስል ከጀርባዬ አንዱን አንሥታ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠችው።

«ያ አላህ!» ብዬ ዘለልኩ።

«ሞትክ» አለችኝ።

«ምን?»

«ሞትክ አልኩህ። ኬላው ላይ ብትሆን አሁን ሬሳ ነህ።» ስባሪውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «ስትናገር አይይዙህም። ሲናገርማ ማንም ይዋሻል። የሚይዙህ ስትደነግጥ ነው።»

«ታዲያ ምን ልበል፣ እትዬ?»

«ማርያም በል።»

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት ሰላም የለውም። ደፍ ስሻገር ይሰበራል፣ ማተቤን ስቋጥር ይሰበራል፣ ስቀመጥ ይሰበራል። ዳገቱን ስወጣ ድንጋይ ቢንከባለል እሷ የላከችው ይመስለኝ ጀመር። አንድ ቀን ሳላስበው «ማርያም» አልኩ፤ ተጠንቅቄ አይደለም፣ ቃሉ ራሱ ወጣ። ታመሰግነኛለች ብዬ ዞርኩ። እሷ ግን ሰው እንደሞተባት ሆና አየችኝ።

«አንተስ ተማርክ» አለችና ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

ኡስማን አልተማረም። ድስት በተሰበረ ቁጥር «ያ አላህ» ነው።

«ስንት ድስት ልጨርስብህ፣ አንተ ደረቅ?»

«እትዬ፣ እኔ እሺ ብያለሁ። አፌ ነው እምቢ ያለው።»

«አንገትህን የሚቆርጡህ ከአፍህ ጋር ነው፤ ለይተው አይቆርጡልህም።»

ጥላሸቱንም አልፈለገም። «ማሰሩ ይበቃል» ይል ነበር፤ «ቆሻሻ ግን አልቀባም።» ብርቄ ትለምነዋለች፣ ትሰድበዋለች፤ እሱ እየሳቀ ዳገቱን ይወጣል።

እኔስ የተማርኩት ምን አተረፈልኝ? አንድ ቀን ቤት ውስጥ አባቴ ከሽመናው ጉድጓድ ተቀምጦ እየሠራ፣ እኔ ድውር እያቀበልኩት፣ የመቃኑ እንጨት ተገንጥሎ አጠገቤ ወደቀ። «ማርያም» አልኩ። የአባቴ መወርወሪያ ቆመ። አላየኝም፣ አልተቆጣኝም። ጥቂት ቆይቶ መወርወሪያው መሄድ ጀመረ። በማግስቱ ምሳዬ ለብቻዬ ቀረበ።

ይህን ለብርቄ ነገርኳት። ጭቃውን ከእጇ ጠረገች። «እኔ ያሰብኩት የኬላውን በር ነው» አለች። «የአባትህን በር አላሰብኩም።»

በሳምንቱ ቅዳሜ አንኮበር ጉም ለብሶ ነበር። ኬላው ላይ ሹሙ ራሱ ቆሟል፤ ጉንፋን የማይለቀው፣ አለንጋውን በብብቱ ይዞ የሚንጎራደድ ቀጭን ሰው ነው። ኡስማን ከፊቴ ነበር።

«ስምህ?»

«ገብረ ጊዮርጊስ፣ ጌታዬ።»

«ከተጠመቅህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ዓመት አልፎኛል፣ ጌታዬ።»

ሹሙ በአለንጋው እጀታ ክሩን ከአንገቱ ከፍ አደረገው። በዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ ሰማያዊ የነበረው ያ ክር ብቻ ነው። አሁንም ይታየኛል።

«ዓመት ሙሉ አላላበህም?»

ኡስማን ሸማውን በትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ሸማ ተሸክሞ ይህን ዳገት የሚወጣ ሰው አንገቱን አያልበውም ወይ ነው የምልህ።» ክሩን በጣቱ ጠምጥሞ ሳብ አደረገና በጠሰው።

«ያ አላህ» አለ ኡስማን።

ጮኾ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ሰማ። ከፊትም ከኋላም ያለው ሰው እሳት እንደነካው ሸሸው። ሁለት ጠባቂዎች እጁን ወደ ኋላ ጠመዘዙት። ሹሙ ድንገት ወደ እኔ ዞረና አለንጋውን ጆሮዬ ስር አጮኸው።

«ማርያም» አልኩ።

አፍንጫውን ጠረገ። «ይህ እንኳ የኛ ነው። እለፍ።»

አለፍኩ። ከኋላዬ ሹሙ ለጠባቂዎቹ ሲናገር ሰማሁ፤ ነገ ከቅዳሴ መልስ ይጠየቃል፣ ክሩን ማን እንዳሰረለትና እንደሱ ያሉት እነማን እንደሆኑ ይናገራል፣ ካልተናገረ እጁ ይቆረጣል። ሸማኔ እጁ ከተቆረጠ ከሞተ ይቆጠራል። ከተናገረ ደግሞ ብርቄም እኛም አለቅን። ሸማዬን አንድ አጥር ስር ጥዬ በገደሉ በኩል ቁልቁል ሮጥኩ።

ብርቄ ከቀዝቃዛው ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት።

«ምን ብሎ ጮኸ?»

«ያ አላህ።»

«ይህ ደንቆሮ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ስንት ድስት ጨረስኩበት።» ከዚያ ተነሣች። ነጠላዋን ጣለች፣ ሹሩባዋን መፍታት ጀመረች።

«ወዴት ነው? ወገብሽን... ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ ቅዳሜ መሆኑን» አለች። «የማከብረው እሱ ያየኛል። አንተ ራቅ ብለህ ከኋላ ተከተለኝ። አታውቀኝም።»

ጸጉሯን በትና፣ ፊቷን ጭቃ ቀብታ፣ ዳገቱን እንደ ወጣት ወጣችው። ኬላው ጋ ስትደርስ ሰው ለሁለት ተከፈለ፤ ልጅ ያዘለች ሴት ልጇን በነጠላዋ ጠቀለለች። ብርቄ በሩ መሐል ቆመች።

«የበላሁትን ልጅ ስጡኝ» አለች።

ሹሙ በኩታው ጫፍ አፍና አፍንጫውን ሸፈነ። «አንቺ ማነሽ?»

«ካላወቅኸኝ ዓይኔን እየኝ።»

አላያትም።

«ትላንት ታች ገበያ ውሃ ሲጠጣ አይቼ በላሁት። ማተቡን ያስጠላሁት እኔ ነኝ። በአፉ የተናገርኩትም እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ክርስቲያን ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለሁት ግን እኔ ነኝ።»

«ውሸቷን ነው» አለ አንዱ ጠባቂ፤ ሲናገር ግን ወደ ኋላ እየሄደ ነበር።

«ውሸት ከሆነ እንግዲህ ያዙት። ፀሐይ ስትገባ ይሞትላችኋል። የሞተ እንደሆነ እኔ ማደሪያ የለኝም፤ ከያዘው ሰው ዘንድ ነው የማድረው።»

ኡስማንን የያዙት ሁለቱ እጃቸውን ለቀቁ። እሱ ምንም ሳይገባው ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ጠቀመው፣ የተበላ ሰው ይመስል ነበር።

«እትፍ በይበትና ልቀቂው!» አለ ሹሙ። ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ አፈ ሙዙን ወደ ደረቷ አቀና።

«እዚህ አይሆንም። የምለቀው ከበላሁበት ወርጄ ነው።»

ያኔ እጆቿን አየሁ። ከጀርባዋ አድርጋ አንዱን በአንዱ ጨምቃ ይዛለች፤ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ። ድምጿ ግን ንቅንቅ አላለም። እስከዚያ ቀን ድረስ እሷ የምትፈራ ሰው አልመሰለችኝም ነበር።

ሹሙ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ከዚያ በአለንጋው እጀታ ኡስማንን ከጀርባው ወደ እሷ ገፋው፣ እጁን ሳያስነካ። «ውሰጂው። ዳግመኛ እዚህ ደጅ ብትታዪ በጥይት ነው።»

ሲወርዱ ሰዉ ድንጋይ ወረወረ። ያየሁት ሰው ሁሉ ወረወረ፤ ድስቷን የሚገዙት ጭምር። አንዱ ድንጋይ ጆሮዋን መታት። ጆሮዬን አቅንቼ አዳመጥኩ፤ አሁን ስትደነግጥ ምን ትል ይሆን ብዬ። ምንም አላለችም። በእጇ የያዘችው ደሙን አልነበረም። አፏን ነበር።

ቤቷ ስንገባ ተቀመጠችና ደሙን ጠረገች። «ለካ ቡዳም ደም አለው» አለች፤ ማንም አልሳቀም። ማሰሮውን አንሥታ በውስጡ ያሉትን ክሮች ሁሉ ምድጃው አመድ ላይ ደፋች።

«ከእንግዲህ ይህ ቤት መደበቂያ አይሆንም። አሁን ሁሉም ያየዋል።» መጀመሪያ ኡስማንን አየችው። «አንተ ታች ውረድ። ሁለተኛ እንዳትወጣ፤ እዚያው ሸምን፣ ሌላ ሰው ይሽጥልህ፣ አንተ ብቻ አትውጣ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ውጣ። ሁለተኛ አትውረድ።»

«ለምን?»

«ሰው ቤቱ ሲደነግጥ የሚጠራው ነው።»

«ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ እኮ» አልኳት። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ይኸው ነው የተናገረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላይ ነኝ፤ በኋላም ደብረ ብርሃን ገባሁ። ወልደ ሚካኤል ይሉኛል፤ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ልጆቼ አንድ የአርጎብኛ ቃል አያውቁም። ታተርፈኝ ዘንድ ነው ወይስ ትፈርድብኝ ዘንድ ድስት የሰበረችው እያልኩ ስንት ጊዜ ረግሜያታለሁ። ሌላ የሚያስተምረኝ ግን አልነበረም። የኬላው ሹምም አባቴም ያስተማሩኝ ፍርሃት ብቻ ነው፤ እሷ ከፍርሃት ጋር እንዴት እንደሚኖር አሳየችኝ። ከዚያ ወዲያ ድስቷን የሚገዛት አላገኘችም። በገዛ አፏ ያመነች ቡዳ ማን ይጠጋታል።

አሞሌ ጫኙ ከሄደ በኋላ በትሬን ይዤ ወጣሁ፤ አንኮበር አድሬ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ከጎጆዋ ጓሮ አንድ ሽማግሌ አፈር ላይ ድንጋይ ይደረድራል።

«ሰይድ» አለኝ ቀና ሳይል። ያን ስም ከሰማሁ ዘመን አልፎኛል፤ ቶሎ አልዞርኩለትም።

ኡስማን ነበር። እህል በደረሰ ቁጥር ከአጥሯ ስር እያስቀመጠላት ኖሯል። ስትሞትም አጠገቧ እሱ ብቻ ነበር።

«ማን ቀበራት?» አልኩት።

«ማን ይነካታል? እኔ ነኝ።»

«ፊቷን ወዴት አዞርከው?»

ድንጋዩን እጁ ላይ እንደያዘ አሰበ። «ወደ ቂብላ ላዞራት ነበር፤ እሷ የኛ አይደለችም። እንደናንተ ወደ ምሥራቅ ልበል አልኩ፤ የናንተም አይደለችም። የሷ ሰዎች ወዴት እንደሚያዞሩ ማንን ልጠይቅ? ወደ መንገዱ አዞርኳት። ስንመጣ የምታየን በዚያ በኩል ነበር።»

«ስትሞትስ ምን አለች?»

«ምንም። ነፍሷ ልትወጣ ስትል አፏን በመዳፏ ያዘችው።»

ድንጋዩን አስቀመጠ። እኔም አንድ አስቀመጥኩ። ልንሄድ ዞር ስንል ከግድግዳው ስር ከተከመሩት የተሰነጠቁ ድስቶች አንዱ ተንሸራተተና ድንጋይ ላይ ተፈጠፈጠ።

«ያ አላህ» አለ ኡስማን።

«ማርያም» አልኩ እኔ።

ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረን ቆምን። የሚሰድበን ሰው አልነበረም።